ዓይን በመጨረሻ

«ወንድሜ የታለ? ይኼ ደግሞ ማነው?»

እትዬ ፍሬ ከመተሐራ መጥታ ድንኳኑ ውስጥ መግባቷ ነው። ደረቷን ልትደቃ ያነሳችው እጇ አየር ላይ ቀርቷል፤ በሌላኛው እጇ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ትልቅ ፎቶ ትጠቁማለች። ሙሾ አውራጇ ሳትቀር ዝም አለች።

«አባዬ ነዋ፣ አክስቴ» አለ ደጀን፣ የሟቹ ልጅ። «መታወቂያው ላይ ያለውን ወስደን ነው። ሌላ ፎቶ የለውም። ፎቶ ቤት በኮምፒውተር አሳምረው ሠሩት።»

«አሳመሩት? አጠፉት እንጂ! የኔ ወንድም ጉንጩ እንዲህ የሞላው መቼ ነው? ከንፈሩንስ ምን ቀቡት? እኔ እኮ ተሳስቼ የሌላ ሰው ለቅሶ የገባሁ መስሎኝ ልወጣ ነበር!»

አልዋሸችም። መታወቂያው ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ላብ የጠጣ ነበርና ኮምፒውተሩ የጎደለውን ሁሉ ከራሱ ሞልቶታል። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ቆዳው የለሰለሰ፣ ቅንድቡ የተስተካከለ፣ ሰርጉን የሚጠብቅ ሙሽራ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ አርባ ዓመት ፀሐይ ያከሰለው፣ የጭነት መኪና ጎን ስፖንዳና የሆቴል በር ሲስል የኖረው ባንተይርጋ ግን የለበትም። ለቀስተኛው ይኼን ገና ሲገባ አይቶታል፤ ደፍሮ የተናገረ የለም እንጂ።

ይኼኔ ከድንኳኑ በር በኩል ሳቅ ተሰማ።

ኮከብ ናት፣ የባንተይርጋ የመጀመሪያ ልጅ። አባቷ ቤት ስትመጣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ጠዋት እሷ ሰመራ ላይ ሳለች ደጀን ደውሎ «አባትሽ ሞቷል፤ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከደረስሽ ድረሽ» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። የሰመራንና የአዋሽን መንገድ የሚያውቅ ሰው እንደማትደርስ ያውቃል። ደጀንም ያውቃል። አሥር ሰዓት ላይ ገባች፣ ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ። ልትስቅ አላሰበችም ነበር፤ ሙሽራውን ስታይ አመለጣት። ለቅሶ ቤት ውስጥ ያመለጠ ሳቅ ደግሞ በምን ይመለሳል?

ሙሉሐረግ፣ የሟች ሚስት፣ የኮከብ እንጀራ እናት፣ ከፍራሿ ላይ ቀና ብላ አየቻት።

«ስቀሽ ስትጨርሺ ግቢ» አለቻት።

ጠጋ ብላ ቦታ የለቀቀችላት ሴት የለችም። ከወንዶቹ በኩል ጀማሉዲን ተነሳ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያለው፣ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ያረጀ የአባቷ ጓደኛ ነው። የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ አመጣላት። «ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ። አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ» አላት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ «ልጄ» ያላት እሱ ብቻ ነበር።

እትዬ ፍሬ ግን ሳቁን ከቁም ነገር አልጣፈችውም። «አንቺ የባንቴ ልጅ! ዛሬም ትስያለሽ?»

«እንጀራዬ ነው» አለች ኮከብ። ሰመራ ላይ የጤና ፖስተር ትስላለች፤ እጇን የምትታጠብ እናት፣ አጎበር ውስጥ የተኛ ሕፃን።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? እሑድ ሰልስት ነው። ትሳለው!»

«እሷ?» አለች ሙሉሐረግ።

«እሷ! እኔ ይኼን ሙሽራ ፊቴ አስቀምጬ አላለቅስም። ዕንባዬ እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?»

ሙሉሐረግ ፎቶውን አየችው። እምቢ ብትል ባሏ ሰልስት ለሚመጣው ሁሉ መሳቂያ ሊሆን ነው። «ትሳል» አለች በመጨረሻ፣ ኮከብን ሳይሆን ደጀንን እያየች። «ግን በመነጽሩ ትሳለው። ጠባሳውንም እንዳታስገባ።»

ባንተይርጋ ከግራ ቅንድቡ በላይ ተነስቶ ወደ ዓይኑ የሚወርድ ጠባሳ ነበረው፤ ጥቁር መነጽሩም ከፊቱ አይለይም። የጠባሳውን ታሪክ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራ ላይ እያለ የአይሱዙ መኪና ኮፈን፣ የሞተር ክዳኑ፣ ወደቀበት፣ በቃ። ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ እንኳ ሁለቴ ተወርቷል። ታሪኩ ውሸት መሆኑን የምታውቀው ኮከብ ብቻ ናት። ቢያንስ በዚያ ዓርብ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

«እንደነበረ ነው የምስለው» አለች። «ካልሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ሆዷ ውስጥ ያለው ከዚህም የከፋ ነው። ትስለዋለች፤ ትታው በሄደችበት ቀን እንደነበረ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ፊቱን አክፍቶ። ሰልስት የሚመጣው ሰው «ጋሽ ባንቴ ደግ ነበር» እያለ ንፍሮውን ሲቆረጥም፣ ቀና ብሎ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይይ። አሥራ ስምንት ዓመት የቋጠረችውን በሦስት ቀን ትፈታዋለች። ከሰመራ ያመጣት ይኼ ቂም እንጂ ኀዘን አልነበረም፤ እሷም ለራሷ አልዋሸችም።

አባቷ ይሠራበት የነበረው ዳስ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ ጣራ፣ ሦስት ግድግዳ፣ አራተኛው ወገን ክፍት። እንደተወችው ነው። የቀለም ጣሳዎቹ፣ የቲነሩ ጀሪካን፣ አሮጌ ቀለም የሚልጥባቸው የብረት መፋቂያዎች ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅለው። እነሱን እንዳላየ ሆና አለፈች። ያልተነካ የኮምፔርሳቶ ጣውላ አገኘችና ሁለት ጣሳ ላይ አቆመችው፤ ከምድጃ ከሰል አነሳች።

የባንተይርጋ አሳሳል እንዲህ ነው። «ሰው በሩቅ ሲመጣ እንደምታውቂው ጀምሪ» ይል ነበር። «ከጣቢያው ጥግ ብቅ ሲል ፊቱ አይታይሽም፤ ግን ታውቂዋለሽ። በምኑ? በትከሻው። እሱ ንድፍ ነው። ቀረብ ሲል አፍንጫና አገጩ ይመጣል። ሰላም ሲልሽ መልኩ ይመጣል። ተቀምጦ ሲረጋ ጥላው ይመጣል። ዓይኑ በመጨረሻ! ቀድመሽ ካስገባሽው ያይሻል፤ ካየሽ ወይ ትፈሪዋለሽ፣ ወይ ታዝኚለታለሽ፤ ሁለቱም እጅ ያበላሻሉ።» ይኼን ስትሰማ አሥር ዓመቷ ነበር፣ እናቷ የሞተች ዓመት። ያን ጊዜ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አያለቅስም፣ አያስለቅስም። ከሰል ይሰጣታል፤ ትስላለች፤ «አጥፊው» ይላታል፤ እንደገና ይሰጣታል።

ከትከሻው ጀመረች። ሦስት መስመር ሳትጨርስ ሰውዬው ጣውላው ላይ መጣ። ጣሳ ተሸክሞ የኖረ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሎ፣ አንገቱ ወደፊት ተመዝዞ፣ ሊቆጣ እየመጣ። ኮከብ በራሷ ተናደደች። ይኼን ሁሉ ዘመን ረሳሁት ስትል እጇ አልረሳም። በመዳፏ ጠረገችው። እንደገና ነደፈች፤ እንደገና እሱው ነው።

ሰሃን የሚያጥቡት ሴቶች እየተፈራረቁ መጥተው ከጀርባዋ ቆሙ።

«አንገቱ አልረዘመም?» አለች አንዷ።

«ጆሮውስ! ጋሽ ባንቴ ጆሮው ይኼን ያህላል እንዴ?»

«ከዚህም ይበልጣል» አለች እትዬ ፍሬ፣ ጣውላው አጠገብ ተጠግታ። «እናታችን በጆሮው እየጎተተች ነው ያሳደገችው። እንዲያውም ጨምሪበት።»

ደጀንም መጣ። ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ ጥቁር ሸሚዙ ከሥር ያለውን የግሪስ ሽታ አልሸፈነውም። እጁን ኪሱ ከቶ ንድፉን አየ። እሷ ስትሄድ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አሁን ትከሻው ቁርጥ የአባታቸው ሆኖ ቆሟል።

«ሲታመም ግን ከሰል ይዘሽ አልመጣሽም» አላት።

«አልነገራችሁኝማ።»

«ስልክሽን ማን ያውቃል?»

«ዛሬ ከየት አገኘኸው?»

«ከጋሽ ጀማል። እሱ ሁሌም ነበረው።» ንድፉን እያየ ጨመረ፦ «አባዬ ግን ደውልላት ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ።»

ሊያሳምማት ነው ያለው፤ ተሳክቶለታል።

ቤት ውስጥ ፍራሽ ያነጠፈላት ስላልነበረ አመሻሹ ላይ ጀማሉዲን ሻይ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ከፈተላት። በሩ ላይ ቆማ ማስታወቂያውን አየች። «ጀማሉዲን ሻይ ቤት» ይላል፤ የአባቷ እጅ ነው፤ ፊደሎቹ በሙሉ ወደ ግራ ተንጋደዋል፣ በንፋስ እንደሚሄዱ ሰዎች። ከአውቶቡስ ስትወርድም አይታለች። «ጎሚስታ» ተንጋዷል፣ «አልጋ አለ» ተንጋዷል፣ የፀጉር ቤቱም እንደዚያው።

«ጋሽ ጀማል፣ ይኼን ሰክሮ ነው የጻፈልዎ?»

«አስተግፊሩላህ! ባንቴ መጠጥ በአፉ ዞሮ ያውቃል?» አለ ጀማሉዲን።

«ታዲያ ምን ነካው?»

ጀማሉዲን ብርጭቆ መወልወሉን ቀጠለ። «ሙሉሐረግን ጠይቂያት። እኔ አማና አለብኝ፣ አደራ ነው፣ አልናገርም።»

አልጠየቀችም። ስንፍና ነው ብላ ደመደመች። አንድ ፊደል ጠመመ ብሎ የልጅ ጣት በማስመሪያ ሲገርፍ የነበረ ሰው፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ያገኘውን ጭሮ የሚሄድ ሆነ ማለት ነው። ደስ አላት። የሚጠላ ሰው የሚጠላውን ተዋርዶ ሲያገኘው ደስ ይለዋል፤ ይኼ የታወቀ ነው።

ከቤት የወጣች ቀን የሆነው ምን ነበር? ኮከብ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በደብተሯ ጀርባ የእናቷን ፊት ስትነድፍ ከርማለች፤ ፎቶ ያልነበራትን እናቷን፣ ከትዝታዋ እየቀዳች። ረዲ የሚባል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ደብተሩን አየና «ይኼንን ተሳቢዬ ስፖንዳ ላይ ሥሪልኝ» አላት። አባቷ ቀለም ሊገዛ አዳማ ሄዶ ነበር። ሦስት ቀን ሠራች። በሦስተኛው ቀን ሹፌሮቹና ረዳቶቹ መንገድ ላይ ተሰብስበው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሲያዩ፣ ባንተይርጋ ከአውቶቡስ ወረደ።

ቆሞ አየ። ብዙ ቆየ። «ዓይኗን ነው መጀመሪያ ያስገባሽው» አለ። እውነቱን ነበር፤ ሌላው ፊቷ ሁሉ ሲጠፋባት የቀረላት ዓይኗ ብቻ ስለነበር ከዚያ ነበር የጀመረችው። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ፣ ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ፣ ሕዝብ እያየ፣ ከግንባሯ ጀምሮ እስከ አገጯ ጠረጋት። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። እናቷ በስፖንዳው ላይ ጭቃ ሆና ወረደች።

ባንተይርጋ አንድ ቃል ሳይጨምር ጨርቁን ይዞ ወደ ዳሱ ገባ። ኮከብ ተከተለችው። ለሙሉሐረግ ብሎ ነው፣ ሁለተኛዋ ሚስቱ እንዳይከፋት ነው ብላ አሰበች። ወይም ቀንቶ ነው። ከግድግዳው ላይ መፋቂያ መዘዘችና በሙሉ ጉልበቷ ወረወረችበት። ፊቱን ሲይዝ በጣቶቹ መሃል ደሙን አየችው። ከዚያ ወደ ኋላዋ አላየችም፤ ረዲ መኪና ላይ ወጥታ ከሰመራ ወዲያ ሰርዶ ድረስ ዘለቀች፣ ከዚያ ተመልሳ ሰመራ ወረደች፤ እዚያው ቀረች።

ከወር በኋላ ረዲ ሲመለስ «አባትሽ ኮፈን ወደቀበት አሉ» አላት። ጥላቻዋ ሥር የሰደደው በዚያን ቀን ነው። የመታሁትን እንኳ ነጠቀኝ አለች። ሴት ልጄ መታችኝ ማለት ቢያሳፍረው ለመኪና ሰጠው።

ቅዳሜ በጠዋት ቀለም በጠበጠች። የዚያ አገር ሙቀት ሰው አያስተኛም፤ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ መልኩን አልብሳ ጨረሰች። አፍንጫው መጣ፣ አገጩ መጣ፣ የተነከሰው መንጋጋው ጉንጩ ላይ ቋጠሮ ሆኖ ወጣ። የሚያስፈራ ፊት ነበር። ሴቶቹ አሁን ከጀርባዋ አይቆሙም፤ አየት አድርገው ያልፋሉ። ዓይኖቹ ያሉበት ቦታ ገና ባዶ ጣውላ ነው።

ሙሉሐረግ ንፍሮ በሳህን ይዛ መጣችና ጣሳ ላይ አስቀመጠችው። «ብዪ። ሳትበላ አሠራቻት እንዳይሉኝ ነው።» ከዚያ ሥዕሉን አየች። «መነጽሩስ?»

«ከመነጽር ጀርባ አይደበቅም።»

«በመነጽሩ ብዬሻለሁ።»

«ቤት ውስጥ ተቀምጦ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ ምን ዓይነት ኩራተኛ ነው? ኩራተኛ ብቻ ቢሆን ጥሩ! የጻፋቸውን ሁሉ አየኋቸው፣ እትዬ ሙሉ። አንድ ቀጥ ብሎ የቆመ ፊደል የለም። እኔን ጣቴን ሲገርፈኝ የነበረው ሰውዬ! ምን ነክቶት ነው?»

«አንቺ ነሻ የነካሽው» አለች ሙሉሐረግ።

ድምፅዋን አላነሳችም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እንዳይሰማ ቀረብ አለች እንጂ።

«ኮፈን እንዲህ አይቆርጥም። ያን ቀን እዚህ ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር፤ ከአንሶላው ጀርባ ነበርኩ፤ አይቻለሁ። ደሙን በነጠላዬ ይዤ ጤና ጣቢያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ቆዳው ተሰፍቶ ዳነ። ዓይኑ ግን በሦስተኛው ወር ጉም ለበሰ፣ በዓመቱ ጠፋ። የግራ ዓይኑ ጠፋ፣ ገባሽ? ሐኪሙ ጠየቀው፤ ኮፈን ነው አለ። ፖሊስ ጠየቀው፤ ኮፈን ነው አለ። ለእኔ፣ ላየሁት ለእኔ፣ ኮፈን ነው አለኝ! ሌላ ነገር ከአፍሽ የወጣ ቀን ከዚህ ቤት ትወጫለሽ አለኝ።»

ኮከብ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ አስቀመጠች።

«ሠዓሊ ዓይኑ ጠፋ ከተባለ ማን ሥራ ይሰጠዋል? መነጽር ገዛ። በአንዱ ዓይን መስመሩን ለማየት አንገቱን እንዲህ ቆልምሞ ነበር የሚጽፈው» አለችና አንገቷን ወደ ግራ አዞረች። «በዚያ ነው የተንጋደደው። ሲስቁበት አዲስ ስታይል ነው ይላቸዋል። ቤት ሲገባ ግን ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲሞክር ያመሻል። አሥራ ስምንት ዓመት እሱን ሳይ ኖርኩ። ልጄ እንኳ አያውቅም። ለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም፤ ግን ልንገርሽ። እጠላሻለሁ።»

«አላውቅም ነበር» አለች ኮከብ።

«አልጠየቅሽማ!»

ሙሉሐረግ ሄደች። ንፍሮው ላይ ዝንብ ሰፈረ። ኮከብ ጣሳ ገልብጣ ተቀመጠች፤ ምን እንደሚሰማት ራሷም አላወቀችም። ይጸጽተኛል ብላ ጠበቀች፤ መጀመሪያ የመጣው ግን ንዴት ነው። ማን ለምኖት? ማን ሸፍነኝ አለው? አንድ ቃል፣ በሹፌር አፍ፣ «ዓይኔን አጠፋሽው» ብሎ ቢልክባት በዚያው ቀን ትመጣ ነበር። ትመጣ ነበር? እሱንም እርግጠኛ አልሆነችም። ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጣ ጣውላውን ስታይ ዋለች፤ አመሻሽ ላይ ተነስታ የተነከሰውን መንጋጋ በአዲስ ቀለም ሸፈነችው። ያ ፊት የአንድ ቀን ፊት ነበር። ሰውዬው ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሯል፤ የነዚያን ዓመታት ፊት ደግሞ አታውቀውም።

እሑድ ጠዋት ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ኮከብ ቀረች፤ «ፍትሐቱ ላይ እንኳ አልተገኘችም» እንደሚሏት እያወቀች። ጀማሉዲን ግን ሻይ በፔርሙስ ይዞ መጣና ከዳሱ ጥግ ተቀመጠ። «እነሱ እስኪመለሱ ቤቱ ባዶ አይሁን ብዬ ነው» አለ።

«ጋሽ ጀማል፣ ይንገሩኝ። በኋላ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?»

ጀማሉዲን አሰበ። «የደከመው። ግን የሚያሾፍ። አፉ በዚህ በኩል ትንሽ ከፍ ይላል፣ አንድ ነገር ሊልሽ እንደሆነ። ግንባሩ ላይ ደግሞ በቀኙ በኩል ብቻ ሦስት መስመር፤ ያው በቀኙ ሲያጨናቁር ነዋ፣ ወላሂ።»

እንዳላት አደረገች። ከንፈሩን ከፍ፣ ግንባሩን በአንድ ወገን ሸብሸብ። ጥላውን ከአገጩ ሥር አስገባች። ከዚያ የሚቀር ነገር አልነበረም። ትንሿን ብሩሽ አነሳችና ቀኝ ዓይኑን አስገባች፤ ነጩን፣ ቡናማውን፣ በመጨረሻ ያቺን የብርሃን ነጥብ።

አያት።

አባቷ ከጣውላው ላይ ቁጭ ብሎ አያት፤ ሳይቆጣ፣ ሳያዝን፣ «መጣሽ?» እንደሚል ሰው። የኮከብ እጅ በራሱ ሄዶ በቲነር የራሰውን ጨርቅ አነሳ። ቀለሙ እርጥብ ነው፤ አንድ ጊዜ ከግንባሩ እስከ አገጩ ብትጠርገው ያበቃል።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ጀማሉዲን ብድግ ብሎ።

«አየኝ» አለች። ሌላ ቃል አላገኘችም።

ጀማሉዲን እዚያው ቆመ። «እሱም እንደዚህ ብሎኛል» አላት ቀስ ብሎ። «ያንቺ ነገር በሆነ ሰሞን፣ ዓይኑ ታሽጎ ሻይ ቤቴ መጣ። ባንቴ፣ ምን ነካህ፣ የልጅቷን ሥዕል ለምን አበላሸህባት አልኩት። ‹አየችኝ ጀማል› አለኝ። ‹ከሞተች ሰባት ዓመት ሞልቷት አየችኝ፤ አልቻልኩም።› ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ይኼም አማና ነበር። እንግዲህ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ኮከብ ጨርቁን እንደያዘች ሥዕሉን አየች፤ ሥዕሉም እሷን። ለሙሉሐረግ ብሎ አልነበረም። ቀንቶም አልነበረም። ልክ አሁን እንደሷ፣ አልቻለም፤ በቃ፣ ይኼው ነበር። ጨርቁን ከዳሱ ውጪ ወረወረችው፤ ከዚያም ጀማሉዲን መኖሩን ረስታ «አባዬ» አለች። ይኼን ቃል ከተናገረችው አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል።

የግራ ዓይኑን በግራጫና በነጭ ሠራችው፤ ጉም የለበሰ፣ የትም የማያይ። ጠባሳው ግን በብሩሽ አልሆን አላት። ተነሳችና ከግድግዳው መፋቂያ አወረደች። የትኛው እንደነበር አታውቅም፤ ሁሉም ያው ናቸው። በጥጉ ከቅንድቡ በላይ ጀምራ እርጥቡን ቀለም ወደ ታች ጫረችው። መስመሩ ቀጥ አላለም፤ እንደዚያው ተወችው።

ሰዉ ሲመለስ ሥዕሉ ነጭ ጨርቅ በለበሰው ወንበር ላይ ነበር። መጀመሪያ የገባችው እትዬ ፍሬ ናት። ቆመች። ከዚያ ከዓርብ ጀምሮ አየር ላይ የቀረው እጇ ደረቷ ላይ ወረደ።

«መጣ! ወንድሜ መጣ! ባንቴ፣ የት ነበርክ? የት ነበርክ እኔ እስክመጣ?» አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ግን ሹክሹክታው ተነሳ። «ዓይኑን ምን አድርጋው ነው?» አለች አንዷ። «ኮፈኑ ነዋ» አለች ሌላዋ። «ኮፈኑ ዓይኑን ነክቶት ነበር እንዴ?» ሙሉሐረግ ፍራሿ ላይ ቁጭ ብላ ሥዕሉን ታያለች።

ኮከብ ከወንበሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ኮፈን አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። በቀለም መፋቂያ ብረት መታሁት፤ ዓይኑ በዚያው ጠፋ። አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ዓይኑ ነው የጻፈላችሁ። ኮፈን የሚባል ነገር ወድቆበት አያውቅም።»

ደጀን ከወንዶቹ መሃል ተነሳ፤ ወንበሩ ወደ ኋላው ወደቀ። እናቱን አየ፤ እናቱ አላስተባበለችም። ወደ ኮከብ መጣ።

«ውጪ» አላት። «አሁን ከዚህ ድንኳን ውጪልኝ!»

ኮከብ ቦርሳዋን ልታነሳ ጎንበስ አለች። እውነቱን ነው።

«ቁጭ በል፣ ደጀን» አለች ሙሉሐረግ።

«እማዬ!»

«ቁጭ በል አልኩህ። ሥራዋን ትጨርስ።»

«ምን ቀራት?»

«ስሙን አልጻፈችም» አለች ሙሉሐረግ። ወደ ኮከብ ግን ዞራ አላየችም። «ጽፈሽ ሂጂ።»

ኮከብ ብሩሿን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከረችና ሥዕሉ ሥር ተንበረከከች። እጇ ጥሩ ነው፤ ሰመራ ላይ ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርጋ ትጽፋለች። ግራ ዓይኗን ጨፈነች። ሙሉሐረግ እንዳሳየቻት አንገቷን ወደ ግራ አዞረች፤ ጣውላው ጠበበ፣ መስመሩ ሸሸ፣ የብሩሹ ጫፍ የት እንደሚያርፍ ጠፋት። «ባ» ብላ ጻፈች። ተንጋደደ። «ን» ተከተለው።

«ጠመመባት እኮ» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ተዋት» አለች ሙሉሐረግ። «እንደዚያ ነው የሚጽፈው።»

የኮከብ ዕንባ ያን ጊዜ መጣ፣ ከሁለቱም በኩል፣ ከተጨፈነውም ጭምር። ኮከብ አልጠረገችውም፤ ግራ ዓይኗንም አልገለጠችም። እየተንጋደደች እስከ መጨረሻዋ «ጋ» ድረስ ጻፈች።